መሬት የመታ ይለቀቃል

ድምፁ የሚመጣው ቀን ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ «ቅዠት ነው» ብላ ትገላገለው ነበር። ለተሥላሴ ግን የምትሰማው በጠራራ ፀሐይ፣ ደብረ ታቦር መሐል፣ ባጃጁ ክላክሱን እያምባረቀ፣ የሚኒባሱ ረዳት ጉሮሮው እስኪነቃ «ወረታ፣ ወረታ» እያለ በሚጮህበት ሰዓት ነው። የሰው ፀጉር ይዛ ቆማ ሳለ ከእግሯ ሥር፣ ከሲሚንቶው በታች፣ ድው፣ ድው፣ ድው ይላል። ሦስት ጊዜ ብቻ። ሰው በመዳፉ መሬት ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ሌላ ምንም አይመስልም።

«ምነው እጅሽ ቆመ?» ትላለች ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ደንበኛ።

«አልሰማሽም?»

«ምኑን?»

«ተይው፤ ባጃጅ ይሆናል» ትልና ሹሩባውን ትቀጥላለች። እጇ ግን እሺ አይላትም። አንድ ቀን የአንዲት ሴትዮን ራስ ግማሹን ወደ ቀኝ፣ ግማሹን ወደ ግራ ጎንጉና ላከቻት። ሴትዮዋ ከበር ተመልሳ «አንቺ ልጅ፣ ራስሽን ጅዳ ትተሽው ነው እንዴ የመጣሽ?» ብትላት ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ለተሥላሴም አብራ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ መጋረጃውን ጋርዳ አለቀሰች።

ስድስት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የመጣች ናት። ፀጉር ቤቷን ከከፈተች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዋን ቀደም አድርጋ ትዘጋና አባቷን ልትጠይቅ ወደ ገጠር ትወርዳለች፤ ከአስፋልቱ ወርዶ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባቷ ይሻው ዐይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ሰነባብቷል። በደኅናው ዘመናቸው ግን በዚያ አገር በትግል ጀርባቸውን መሬት ያስነካ ሰው አልነበረም። እህል ተወቅቶ ካለቀ በኋላ የሠፈሩ ጎረምሳ አውድማቸው ላይ ይሰበሰባል፤ ገለባው ለወደቀ ሰው ፍራሽ ነው፤ እሳቸውም ትግል ያስተምራሉ። ወንድ ልጅ አልሰጣቸውምና ለተሥላሴንም ከጎረምሶቹ ጋር አስገቧት። ነፍሳቸውን ይማርና እናቷ «ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ተያይዛ ስትንከባለል ደግ ነው?» ብለው ቢቆጡ፣ ይሻው «ባለጌ የያዛት ቀን ሽማግሌ ልካ አታስለቅቀውም» አሉና ነገሩን ዘጉት።

«ከኋላ የያዘሽን ሰው አትጎትቺው» ይሏት ነበር። «ክበጂበት። ውኃ እንደሞላ እንስራ ቁጭ በይበት። ከዚያ እጁን ያዢ፤ ሰው እጁን ሲይዙት እግሩን ይረሳል።» ስትወድቅም «ከታች ያለ ሰው ተሸነፈ ያለሽ ማን ነው? እግርሽን የት አደረግሽው?» እያሉ ያስነሷታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው። «የታነቀ ሰው ‹በቃኝ› ማለት አይችልም» ይላሉ። «ስለዚህ መሬቱን በመዳፉ ሦስት ጊዜ ይምታ። መሬት የመታ ይለቀቃል፤ ያውም ወዲያው፣ ሳይታሰብበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የእኔ ልጅ ግን ይለቃል። የማይለቅ ካለ አውድማዬን እንዳይረግጣት።» ይህ ሕግ የእሳቸው አውድማ ብቻ ነበር፤ በሌላ ቀበሌ የሚታገል ሰው አያውቀውም። ለተሥላሴ የያዘችው በጭንቅላቷ አይደለም። በክንዷ ነው። ጎረምሳ ሥሯ ሆኖ መሬቱን ሲመታ ክንዷ ቀድሟት ይፈታል።

ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ግድም፣ አቋራጩን ይዛ ወደ አባቷ ትወርድ ነበር። አቋራጩ ገደሉን ታክኮ የሚሄድ ቀጭን መንገድ ነው፤ በግራ ቁጥቋጦ፣ በቀኝ ባዶ። ከአንድ ወይራ ኋላ ሰው ወጣ። ፊቱን ከዐይኑ በቀር በሻርፕ ጠምጥሞታል። ቃል አልተነፈሰም። አሳልፏት ከኋላዋ ወገቧን አቅፎ ወደ ቁጥቋጦው ሊጎትታት ጀመረ።

ለመጮህ ጊዜ አላገኘችም። ሰውነቷ ግን አልዘገየም። ጉልበቷን አጥፋ ከበደችበት። ሁለተኛ ሊያነሣት ሲሞክር የግራ እጁን አንጓ በሁለት እጇ ጨበጠች፣ ዳሌዋን ወደ ጎን አወጣች፣ እግሯን ከእግሩ ኋላ ሰድዳ ጠለፈችው። ተያይዘው ወደቁ፤ እሱ ከታች፣ እሷ ከላይ። የግራ እጁን አልለቀቀችውም። ደረቷን ደረቱ ላይ ጥላ፣ ክርኑን አጥፋ ወደ ጀርባው ጠመዘዘችው። ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ሰውየው በቀኝ መዳፉ መሬቱን መታ። ድው፣ ድው፣ ድው።

ክንዷ ተፈታ። አዝናለት አይደለም፣ አስባበትም አይደለም፤ ከልጅነት የተማረ ክንድ የባለቤቱን ፈቃድ አይጠይቅም። ሰውየው ተስፈንጥሮ ተነሣ፣ ግራ እጁን በቀኙ አቅፎ ቁልቁል ሮጠ። እንደምንም ተነሥታ ቀሚሷን ስታራግፍ ነው ነገሩ የገባት። መሬት መምታትን ይህን ሰው ማን አስተማረው?

ለማን ትናገር? ለሠፈሩ ብትናገር መልሱን ታውቀዋለች፦ ዐረብ አገር የከረመች ሴት ብቻዋን በዚያ ዱር ምን ፈልጋ ሄደች? ለአባቷ ብትናገር ደግሞ «ከአውድማዎ የወጣ ሰው ሊደፍረኝ ነበር» ልትላቸው ነው። ሌላ ምን የቀራቸው ነገር አለ? ዐይናቸው ሄዷል፣ ሚስታቸው ሄደዋል፤ የቀራቸው ያ አውድማና ያ ስም ነው። እና ለራሷ እንዲህ አለች፦ ትከሻው ወልቋል፣ ትምህርቱን አግኝቷል፣ አይደግመውም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ዝም አለች። ከዚያ በኋላ በትልቁ መንገድ እየዞረች መሄድ ጀመረች። ለራሷ መንገድ ለወጠች ማለት ነው፤ ለሌላው ሰው ግን መንገዱን እንዳለ ተወችው።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ መክሊት ፀጉር ቤቷ መጣች። መክሊት የአባቷ ጎረቤት የእትየ እመቤት አንድያ ልጅ ናት። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በመጣ በሦስተኛው ቀን ነበር፤ መውደቋን አገር ሰምቷል።

«አሳምረሽ ሥሪኝ፤ ለጉርድ ፎቶ ነው» አለች ወንበሩ ላይ እየተመቻቸች።

«ለምኑ ነው ፎቶው?»

«ሰኞ ለቴክኒክና ሙያ እመዘገባለሁ። ኤሌክትሪክ ነው የምማረው። ዩኒቨርሲቲው እንደሆነ ቀረ፤ ሁለት ቀን አለቀስኩ፣ ወጣልኝ። የእማየን ቤት መብራት የማስገባው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ትመጭና ታያለሽ።»

ለተሥላሴ ሹሩባውን አሳምራ ሠራችላት። ስትጨርስ መስተዋቱን ከኋላዋ እያሳየቻት «በየት ነው የምትመለሽው?» አለቻት።

«በአቋራጩ ነዋ። በትልቁ መንገድ ማን ይዞራል?»

ለተሥላሴ አፏን ከፈተች። ልትነግራት ነበር፤ ይህን ማንም ሊክዳት አይችልም። በዚያው ቅጽበት ሌላ ደንበኛ «እንደምን አደራችሁ» ብላ ገባች። «መንገዱ ጭቃ ነው» አለች ብቻ።

መክሊት ሳቀች። «በጥቅምት የምን ጭቃ አለ?» አለችና ሄደች።

በማግሥቱ እንጨት ለቃሚዎች ገደሉ ሥር አገኟት። አገሩ ለመፍረድ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ፈተና ወድቃ ራሷን ወርውራ ነው ተባለ። ራሱን ለገደለ ደግሞ ፍትሐት የለውም። ካህናቱ አንገታቸውን ደፍተው «ሥርዓቱ አይፈቅድም» አሉ፤ መክሊት ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ካብ ውጭ፣ ከአንድ ያረጀ ወይራ አጠገብ፣ ያለ ጸሎት ተቀበረች። እትየ እመቤት አስከሬኑ ሲወርድ ጨርቁን ገልጠው ይዘው አልለቅ አሉ። «ፀጉሯን እዩት» ይላሉ። «እናንተ ሰዎች፣ ፀጉሯን እዩት። ነገ የምትሞት ልጅ ሹሩባ ትሠራለች?» ሐዘን ነው የሚያናግራቸው ተባለና ሴቶች ደግፈው ወሰዷቸው። ሹሩባውን የሠራችው ሴት ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር።

ጉድጓዱን ከሚቆፍሩት አንዱ ዋልልኝ ነበር። ዋልልኝ ማለት የይሻው የጡት ልጅ ነው፤ እናት አባቱ ሲሞቱበት ይሻው አውራ ጣታቸውን ማር አስነክተው፣ ሽማግሌ ባለበት አጥብተው፣ ልጄ ብለው ያሳደጉት። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ የሚመኩበትም እሱ ነው። መሬታቸውን ያርሳል፣ ለቅሶም ቤተ ክርስቲያንም ዱላቸውን ይዞ ይወስዳቸዋል። ለተሥላሴ ጅዳ ሳለች ልጃቸው እሱ ነበር፤ ከመጣችም በኋላ ቢሆን ዐይናቸው እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለተሥላሴ ስትመጣ ቤት አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ዋልልኝ በቀኝ እጁ ብቻ አፈር ይዝቅ ነበር። ግራ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?» አለው አብሮት የሚቆፍረው ፈንታሁን።

«በሬ ጥሎኝ ነው፤ ይሻለዋል» አለ ዋልልኝ። ቀና ሲል ከለተሥላሴ ጋር ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው።

ያን ጊዜ ሁሉንም ዐወቀች። ዐውቃም ምን አደረገች? ምንም። እንዲያውም ዝምታው ባሰበት። አሁንማ ብትናገር የምትናገረው በእሱ ላይ ብቻ አይደለም። «ይዤው ነበር፤ ለቀቅኩት፤ ዐሥራ አንድ ቀን አፌን ዘጋሁ፤ ጠዋት ፀጉሯን ሠርቼ በገዛ እጄ ላክኋት» ማለት ሊኖርባት ነው። ሰው ተበትኖ ካለቀ በኋላ መቃብሩ አጠገብ ብቻዋን ቀረች። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ድው፣ ድው፣ ድው አለ ከሥሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያኔ ነው። ሮጠች፤ ደብረ ታቦርም ድረስ ተከተላት።

በኅዳር መጨረሻ ባሰባትና ጣራ ገዳም ወጣች፤ ሰባት ቀን ጠበል ልትጠመቅ። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መሬቱ ቅጠል ለብሶ የእግር ኮቴ አይሰማም። ድምፁ ግን እዚያም ተሰማ። በሰባተኛው ቀን አጥማቂው ሽማግሌ መነኩሴ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ሌላው ሲጮህ አንቺ ጆሮሽን መሬት ላይ ትደፊያለሽ» አሏት። በሰባት ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ ነበርና ሁሉንም ዘረገፈችላቸው።

«ጋኔን ነው አባቴ?» አለቻቸው በመጨረሻ።

መነኩሴው መቋሚያቸውን ተደገፉ። «እኔ እንጃ» አሉ። «ያን የአባትሽን ሕግ እስቲ ድገሚልኝ።»

«መሬት የመታ ይለቀቃል።»

«ልጅቱ ይኸው ከወር በላይ ትመታለች። ታዲያ የያዛት ማን ነው?»

ለተሥላሴ የሞላችውን የጠበል ጀሪካን እዚያው ረስታው ወረደች።

አባቷ ቤት የደረሰችው በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በእኩለ ቀን ነው። ጤፉ ተወቅቷል። ይሻው አውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዋልልኝ በቀኝ እጁ መንሽ ይዞ ገለባውን ለነፋስ ይሰጣል። ጎረቤት አውድማ ላይ እነ ፈንታሁን በሬ እየነዱ ያበራያሉ፤ ዘፈናቸው ይሰማል።

«መጣሽ ልጄ?» አሉ ይሻው። ኮቴዋን ያውቁታል።

«መጣሁ አባየ።» አጠገባቸው ቁጭ አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መሬት ስለመታ የለቀቅኩት ሰው ሄዶ ሌላ ሰው ቢገድል፣ ደሙ በማን እጅ ነው?»

መንሹ ቆመ።

«የምን ነገር ነው የምታመጪው?» አሉ ይሻው።

ነገረቻቸው። አቋራጩን፣ ሻርፑን፣ ቀጭ ያለውን ትከሻ፣ ሦስቱን ምት። የመክሊትን ሹሩባ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እየተጣደፈች፤ ከዘገየች ተመልሳ ልትውጠው እንደምትችል ታውቃለች።

የይሻው ፊት እንደ ቆዳ ደረቀ። «ማን ነው?» አሉ። ከዚያ መልሱን ሳይጠብቁ «ዋልልኝ» አሉ። «ና እስቲ ልጄ። ያ በሬ የጣለህ ትከሻህ እንዴት ሆነ? ና ልዳስስልህ።»

ዋልልኝ ወደ እሳቸው አልመጣም። መንሹን ጥሎ ወደ እሷ መጣ። ከተቀመጠችበት በአንድ ግፊያ ገለባው ላይ በጀርባዋ ጣላትና በቀኝ እጁ አፏንና ጉሮሮዋን ጨመቀ። «ዝም በይ» ይላታል በሹክሹክታ። «ዝም በይ፣ ለተ፣ በማርያም ዝም በይ።» ከአደጋው ይልቅ ልመናው አስፈራት። ዐይኗ ጨለመ። እግርሽን የት አደረግሽው የሚለው የአባቷ ድምፅ ግን ከልጅነቷ መጣላት።

እግሯን አነሣችና ወገቡን ቆለፈችው። ራቅ ብሎ የሚያንቃትን ሰው ወደ ራሷ ሳበችው፤ ይህን አልጠበቀም። ጉሮሮዋን የያዘውን እጅ አንጓ ጨብጣ፣ በሌላ እጇ ያችን የተጎዳች ግራ ክንዱን አቅፋ፣ ዳሌዋን ነቅላ ገለበጠችው። ሊነሣ በጉልበቱ ሲንፈራገጥ ጀርባው ላይ ነበረች። ፊቱ ወደ ጎን ገለባው ላይ ተደፋ፣ ግራ ክንዱ ከጀርባው ተጠምዝዞ በደረቷ ሥር ቀረ። አንገቱን አልነካችውም። አፉ እንዲቀርለት ፈልጋለች።

ቀኝ እጁ መሬቱን መታ። ድው፣ ድው፣ ድው።

«ልቀቂ» አሉ ይሻው። ሕጉ ነው የተናገረው። ከድንጋዩ ብድግ ብለው፣ እጃቸውን እንደ ድሮው ዘርግተው፣ «መትቷል፤ ልቀቂው» አሉ።

«አልለቅም አባየ።» እንባዋ በዋልልኝ ጀርባ ላይ ይንጠባጠባል። ክንዷ ልፈታ ልፈታ እያለ ከራሷ ጋር ይታገላታል፤ ከእሱ ይልቅ ክንዷን መያዝ ከበዳት። «ያን ቀንም እንዲህ መትቶ ለቀቅኩት። እሷም ይኸው ከሥር ትመታለች። ማንኛውን ልስማ?»

እነ ፈንታሁን በሬዎቹን ጥለው እየሮጡ መጡና አውድማው ዳር ደንግጠው ቆሙ። ዋልልኝ መምታቱን አላቆመም። ድው፣ ድው፣ ድው። ድው፣ ድው፣ ድው። ይሻው ወደ ድምፁ ሄዱ፤ ተንበርክከው በእጃቸው ገለባውን እየዳሰሱ ያችን የምትመታ እጅ አገኟት። አንጓዋን ያዙና ከመሬት አነሧት።

«መሬቱን ተወው» አሉት። «መሬቱ ምን አጠፋ? አንገትህን አልያዘችህም፤ አፍህ ደኅና ነው። ተናገር።»

ይሻው እጁን አልለቀቁም። ትንሽ ቆይቶ ሰውነቱ ሁሉ ላላ፣ እንደ ልጅ ይንሰቀሰቅ ጀመር።

«ልገድላት አልነበረም» አለ። «ያዝኳት። ወደቅን። መሬቱን መታች... ልጅ ሆና ከአጥሩ ላይ ሆና ስታየን ተምራዋለች መሰለኝ... ሦስት ጊዜ መታች። አልለቀቅኋትም። ራሷን ነጥቃ ስትነሣ የገደሉ ጠርዝ ከዳት።»

ይሻው የያዙትን እጅ ቀስ አድርገው ገለባው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የራሳቸውን ቀኝ አውራ ጣት፣ ያን ማር የነካውን፣ መሬቱ ላይ ይጠርጉት ጀመር፤ ደጋግመው፣ ቆዳው እስኪላጥ። «ፈንታሁን፣ ያዘው» አሉ። «ለተ፣ አሁን ልቀቂ።»

ያን ጊዜ ለቀቀችው።

ዋልልኝን በዚያው ቀን የወረዳው ፖሊስ ወሰደው። ካህናቱም የእትየ እመቤት ደጅ ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ለመክሊት ፍትሐት ተደረሰላት። አስከሬኗን አውጥቶ ወደ ውስጥ ስለማስገባት ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ልጅቱን ለምን እንቀሰቅሳታለን? ካቡ ይነሣ» አሉና ነገሩ በዚያ ተቆረጠ። ያገሩ ሰው ደቦ ወጣ። ከመቃብሩ ወዲህ ያለው ካብ ፈረሰ፤ ድንጋዩ ከመቃብሩ ወዲያ ማዶ፣ ወይራውን ጨምሮ፣ እንደገና ይካብ ጀመር። እትየ እመቤት «የእሷን ጎን ማንም አይነካብኝም» ብለው በራስጌዋ በኩል ያለውን በገዛ እጃቸው ይክቡ ነበር።

ለተሥላሴ እዚያ የመጣችው ድንጋይ ማጅራቷ ላይ ተሸክማ ነው። ወግ ነው፤ ደም ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ እግር ላይ ይንበረከካል። የማረ ድንጋዩን አንሥቶ ይጥልለታል። ያልማረ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። በሰው መሐል አልፋ እትየ እመቤት እግር ሥር ተንበረከከች። ሥራው ቆመ።

«ስንት ቀን ነው?» አሉ እትየ እመቤት፣ እጃቸውን ከካቡ ሳያነሡ።

«ዐሥራ አንድ ቀን፣ እትየ።»

«ጠዋትም ፀጉሯን ሠርተሻታል።»

«ሠርቻታለሁ።»

«በየት ትሄጃለሽ ብለሻታል?»

«ብያታለሁ።»

እትየ እመቤት ጀርባቸውን ሰጧት። ሌላ ድንጋይ አንሥተው ካቡ፤ ደግሞ ሌላ። ሽማግሌዎቹ «እመቤት፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ማሪያት» አሉ። እሳቸው ድንጋይ ይመርጣሉ። የለተሥላሴ አንገት ይቃጠላል፣ ጉልበቷ ጠጠሩ ላይ ደምቷል፤ ግን ከዚያ ቦታ ብትነሣ የት ትሄዳለች? ጆሮዋን ወደ መቃብሩ አድርጋ ጠበቀች። ከሥር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ይህም አስፈራት።

ፀሐዩ ወደ ወይራው ሲያዘነብል ማጅራቷ ላይ እጅ ዐረፈ። ድንጋዩ ተነሣላት። ቀና ስትል እትየ እመቤት ይዘውታል። አልጣሉትም፤ ጠፍጣፋውን ጎን ፈልገው እያገላበጡ ያዩታል። ከዚያ በመክሊት ራስጌ፣ ካቡ ላይ ባዶ በቀረው ቦታ አስገቡትና እንዲቀመጥ በመዳፋቸው መቱት። ድው፣ ድው፣ ድው። ያን ድምፅ ለተሥላሴ ብቻ አይደለችም የሰማችው፤ እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማው።

እትየ እመቤት አፈሩን ከእጃቸው አራገፉ። ፊቷን አላዩትም።

«ሌላ አምጪ» አሏት።